ለባህል የሚውል ጊዜ በምን ይወሰናል? የሜጋና የአካባቢዋ ሁኔታ

መግቢያ

ለመመረቂያ ጽሑፌ መጠይቅ ሳዘጋጅ መጀመሪያ የሞከርኩት በአያቴ ላይ ነበር። «በሳምንት ስንት ሰዓት ለባህል ያውላሉ?» አልኳቸው። «ምን ጊዜ አለኝ ልጄ!» አሉኝ። ይህን ሲሉ የወተት ዕቃ፣ ጎርፋ፣ እየሰፉ ነበር። እኔም «ዜሮ» ብዬ ጻፍኩ። ስህተቱ የገባኝ በኋላ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለባህል የሚውለውን ጊዜ የሚወስኑ አራት ነገሮችን አነሳለሁ።

1. የሥራው ዓይነት

ከሜጋ በስተሰሜን፣ ዱብሉቅ ላይ፣ የቦረና ቱላ ጉድጓዶች አሉ። በበጋ ወጣቶች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑም ያወጣሉ። ዜማው የእጃቸውን ፍጥነት አንድ ያደርገዋል። የማጠጣቱን ተራ የሚመራው አባ ሄሬጋ ነው። ታዲያ ይህ ሰዓት የሥራ ነው ወይስ የባህል? ሁለቱም ነው። ሞተር የተገጠመለት ጉድጓድ ሲመጣ ድካሙ ይቀራል፤ ዘፈኑም አብሮ ይቀራል። ድካሙ ይመለስ የሚል ግን የለም።

2. ዝናብና ከብት

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይዘንቡ አልፈዋል። እጅግ ብዙ ከብት አለቀ። ከብት ሲያልቅ ወተት የለም፤ ወተት ከሌለ ደግሞ ድግሱ ያጥራል ወይም ይቀራል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ወጣቱን «ባህሉን ተወ» ማለት ተገቢ አይመስለኝም።

3. ጾታ

ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም ባካሄደው አገር አቀፍ የጊዜ አጠቃቀም ጥናት፣ ሴቶች ክፍያ በሌለው የቤት ሥራ ላይ ከወንዶች በጣም የበለጠ ጊዜ እንደሚያሳልፉ ታይቷል። በእኛ አካባቢም በድግስ ቀን ወንዱ ተቀምጦ ሲጫወት እናቶች ዕቃ ያጥናሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ። ዕቃ ማጠንም ሆነ ጎርፋ መስፋት ራሱ ባህል ነው፤ ግን «የቤት ሥራ» ተብሎ ስለሚታለፍ ማንም አይቆጥረውም።

4. የጋራ ቀጠሮ

ማኅበረሰቡ አስቀድሞ ቀን የቆረጠለት ነገር ጊዜ አያጣም። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ይተላለፋል። በ2009 ዓ.ም የተረከቡት አባ ገዳ ኩራ ጃርሶ በ2017 ዓ.ም ለጉዮ ቦሩ አስረክበዋል። ያ ሁሉ ድርቅ መሐል ቢገባም ስምንት ዓመቱ አልተዛነፈም።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደታየው ለባህል የሚውለው ጊዜ በፍላጎት ብቻ አይወሰንም። ሥራ፣ ዝናብ፣ ጾታና የጋራ ቀጠሮ ከፍላጎት ቀድመው ይወስኑታል። ስለዚህ ወደ መስክ የምንወጣ ተማሪዎች «ስንት ሰዓት?» ከማለታችን በፊት «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሲሠሩ ዋሉ?» ብለን ብንጠይቅ ይሻላል። እኔም መጠይቄን እንዲሁ ቀይሬ ወደ አያቴ ተመለስኩ። ዜሮው ጠፋ።