የዓባይ ጥናት ካርቱም ደርሶ እንዲነበብ

ካርቱምን የሚያሰጋት የወንዝ ጎርፍ በአብዛኛው ከእኛ ደጋ የሚወርድ ነው። ክረምት ላይ ጎጃምና ወለጋ የዘነበው ወርዶ ካርቱም ባለችው በቱቲ ደሴት ዳርቻ ያልፋል። ስለዚህ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ተቀምጦ የዓባይን ፍሰት የሚያጠና ሰው፣ አሰበውም አላሰበው፣ ለሱዳን ውሳኔ ሰጪም እየጻፈ ነው። ጽሑፉ እዚያ ደርሶ መደርደሪያ ላይ እንዳይቀር ግን ከመላኩ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ።

በቅድሚያ ፈቃዱን ጨርሱ። የጣቢያ ልኬት በመንግሥት እጅ ያለ መረጃ ነው፤ ደብዳቤ ሳትይዙ ጥሬውን አታሻግሩ። መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. ኢትዮጵያ፣ ሱዳንና ግብፅ ካርቱም ላይ የፈረሙት የመርሆዎች ስምምነት ከ10 መርሆዎቹ አንዱን የሰጠው ለመረጃ ልውውጥ ነው፤ ደብዳቤ ስትጠይቁ ይህን መጥቀስ አይከፋም። ቀጥሎ ማን እንደሚወስንበት ለዩ። የሮዜሬስን ግድብ በር የሚከፍትና የሚዘጋው መሐንዲስ የነገውን ፍሰት ይፈልጋል። የከተማው ሲቪል መከላከያ የሚጠይቀው የትኛው ሰፈር ቀድሞ እንደሚሰምጥ ነው፤ ሚኒስትሩ ደግሞ ገንዘቡ የት ይዋል ይላል። ለሦስቱም አንድ ሪፖርት አትላኩ።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚወድቅበት እንሂድ፤ መለኪያው ነው። እኛ ፍሰትን የምንናገረው በሰከንድ በሜትር ኩብ ነው፤ ሱዳኖች በቀን በሚሊዮን ሜትር ኩብ ይቆጥራሉ። ሐምሌ 2012 ዓ.ም. ሕዳሴ ግድብ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ሲይዝ፣ የሱዳን የመስኖ ሚኒስቴር ድንበር ላይ ባለው የኤል ዴይም ጣቢያ ፍሰቱ በቀን በ90 ሚሊዮን ሜትር ኩብ መቀነሱን አስታወቀ። በእኛ ልማድ ይህ በሰከንድ 1,040 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። አንዱ ቁጥር ሲያስደነግጥ ሌላው ምንም አይመስልም፤ ሁለቱ ግን አንድ ውሃ ናቸው። ስሌቱ ከባድ አይደለም፤ በሰከንድ 1,000 ሜትር ኩብ በቀን 86.4 ሚሊዮን ይሆናል። ቢሆንም አንባቢው ያስላው ብላችሁ አትተዉት። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፉ፤ የእነሱንም አስቀድሙ።

የውሃ ከፍታ ከዚህ ይብሳል። የካርቱም ሰው ወንዙ 17 ሜትር ደረሰ ሲል የወንዙን ጥልቀት አይደለም የሚነግራችሁ፣ ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ከፍታም አይደለም። እዚያው ከተማ ባለው መለኪያ ላይ የተነበበውን ነው። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ንባቡ 17 ሜትር ተኩልን አልፎ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያዝ በኖረው መዝገብ ያልታየ ሆኖ ነበር። የእናንተ ሞዴል ግን የሚያወጣው ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ነው። የሱዳን የመስኖ ልኬት መነሻው የእስክንድርያ ባሕር ወለል ሲሆን፣ ከሳተላይት የሚወርደው ካርታ መነሻው ሌላ ነው። ይህን ሳያስታርቁ የተላከ የጎርፍ ካርታ ደረቁን ሰፈር ውሃ ውስጥ፣ የሰመጠውን ደረቅ ላይ ያደርገዋል። ስለዚህ ውጤታችሁን ወደ ካርቱም መለኪያ ንባብ መልሱት፤ መመለስ ካልቻላችሁ ካርታውን አትላኩ።

ቀኑ ላይ ደግሞ ፈጽሞ አትቸኩሉ። ዓባይ ካርቱም ላይ በተለምዶ የሚሞላው በነሐሴ ማብቂያ፣ ጳጉሜን በሚገባበት ሰሞን ነው። 12 ወር ብቻ ያለው የኤክሴል ሠንጠረዥ ካጋጠማችሁ ጳጉሜን የት እንደገባች ፈልጉ፤ ወይ ከነሐሴ ጋር ተለጥፋለች፣ ወይ ወደ መስከረም ተገፍታለች፣ ወይም ጭራሹን የለችም። የጠፉት አምስት ቀናት በዓመቱ ውስጥ ካርቱም ከምንም በላይ የምትፈልጋቸው ናቸው። ጳጉሜን 6 ስትሆን ደግሞ ቀጣዩ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ እስከ የካቲት ድረስ ሁሉም ቀን በአንድ ይዛነፋል።

ሰዓቱም አለ። በእጅ የሚነበቡት የወንዝ ጣቢያዎቻችን የሚነበቡት በተለምዶ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ነው። መዝገቡ ላይ 12 ብቻ ተጽፎ ከሆነ ኮምፒውተር ላይ ያስገባው ሰው እኩለ ቀን አድርጎት ይሆናል፤ ጣቢያው ድረስ ደውላችሁ አረጋግጡ። ሱዳን ደግሞ በፈረንጅ ከ2000 እስከ 2017 ሰዓቷ ከእኛ እኩል ነበር፤ ከኖቬምበር 2017 ወዲህ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ተመልሳለች። እኔ ጥሬው ፋይል ላይ ምንጊዜም ሁለት የቀን ዓምድ እይዛለሁ፤ የኢትዮጵያውን አላጠፋም። ጥያቄ ሲነሣ ወደ ዋናው መዝገብ የሚመልሰኝ እሱ ነው።

የቀረው ይቀላል። ፍሬ ነገሩን በአንድ ገጽ አረብኛ አስጽፉ፣ አንድ ሱዳናዊ መሐንዲስ ይየው። እዚያ ገጽ ላይ የ50 ዓመት ጎርፍ፣ የ100 ዓመት ጎርፍ እያላችሁ አትጻፉ፤ ካርቱም የምታስታውሰው በፈረንጅ 1946ን፣ 1988ንና 2020ን ነው። ከ2020 በታች፣ ከ1946 በላይ ብትሉ ሰፈሩ ሁሉ ይገባዋል። 1988 ላይ ብቻ ተጠንቀቁ፤ ያን ጊዜ ከተማዋን በአብዛኛው የጎዳት ወንዙ ሳይሆን በራሷ ላይ የወረደው ዶፍ ነበር።

የማታውቁትን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፉት። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ከሳምንታት በኋላ ሱዳን ውስጥ ጎርፍ ሆነ፤ ግብፅ ኢትዮጵያን ወቀሰች፣ ኢትዮጵያ አስተባበለች። እንዲህ ባለ ሰሞን ከጥናታችሁ አንድ ቁጥር ተመዝዞ ዜና ይሆናል። የስህተት ወሰኑ ከቁጥሩ አጠገብ ከሌለ ማንም አይፈልግላችሁም።

ሲላክ በሁለት መንገድ ይሂድ። አንዱ በአዲስ አበባ ባለው የምሥራቅ ናይል ቴክኒካዊ ቀጣናዊ ጽሕፈት ቤት በኩል ነው፤ ሌላው በቀጥታ ለባለሙያው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ከተነሣ በኋላ መሥሪያ ቤቶች ወደ ፖርት ሱዳን ዞረው ነበር፣ ባለሙያውም ተበትኗል። ስለዚህ የቢሮ አድራሻ አትመኑ፤ ሰውየውን ፈልጉ። በዋትስአፕ የሚከፈት ቀላል ፋይል ላኩለት። ዓርብና ቅዳሜ አትደውሉ፤ እሑድ ሥራ ላይ ናቸው። ያ ባሽሙሃንዲስ (ኢንጂነር ሆይ) ብላችሁ ጀምሩ፣ የቤተሰቡን ደኅንነት ጠይቁ፤ የቁጥሩ ወሬ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ግንቦት ሳያልቅ ይድረሳቸው። ሐምሌ ላይ የሚላክ ጥናት ለዘንድሮው ጎርፍ አይጠቅምም።