ሁለት ገና

ልጆች ሆይ! በአገራችን በታኅሣሥ ወር ሰማዩ ይጠራል፤ እህሉም ታጭዶ ይከመራል። ይህ ወራት በጋ ይባላል። በሰሜን በኩል ባሉት አገሮች ግን በዚሁ ወር ብርዱ ይጠነክራል። ምድር ጥቂት አዘንብላ ፀሐይን ትዞራለችና፥ በታኅሣሥ የሰሜኑ ወገኗ ከፀሐይ ዘወር ይላል። ስለዚህ በሎንዶን ከተማ ፀሐይ የምትታየው በቀን 8 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ በአዲስ አበባ ግን ከ11 ሰዓት በላይ ነው። በብዙ ስፍራም በረዶ ይወርዳል። ይኸውም በረዶ እንደ እኛ አገር በረዶ ጠጠር አይደለም፤ እንደ ባዘቶ ጥጥ ቀሎ ይወርዳል እንጂ።

ከእነዚያ አገሮች መጥተው በከተማችን የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ልጆቻቸው ከሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች አንዱ በአዲስ አበባ በምዕራብ በኩል ያለው የቢንግሃም ትምህርት ቤት ነው። ይህን ትምህርት ቤት የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1946 ዓ.ም. መሠረተው። ስሙም ከሚሽኑ መሥራቾች አንዱ ከነበሩት ከሮላንድ ቢንግሃም የተወሰደ ነው። ከብዙ አገር የመጡ ልጆች ይማሩበታል።

በኮልፌ አንድ ልጅ ነበረ። በጎረቤቱም ልጆቻቸውን በእንዲህ ያለ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ እንግዶች ይኖሩ ነበር። በታኅሣሥ 16 ቀን የእንግዶቹ ልጅ መጥቶ፥ «ዛሬ ገና ነውና ወደ ቤታችን ና» አለው። እርሱም ተደንቆ ሮጠና ለአያቱ ነገራቸው። አያቱም፥ «የእነርሱ ገና ዛሬ ነው፤ የእኛ ገና ግን ገና ነው። ሂድና ደስታቸውን ተካፈል» ብለው ሳቁ።

የዚህ ምክንያቱ እንዲህ ነው። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1582 ዓ.ም. የሮም ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ የዘመኑን አቈጣጠር አሻሻሉ፤ የእኛ አገር ግን በቀድሞው ጸናች። ዛሬ በሁለቱ መካከል የ13 ቀን ልዩነት አለ። ስለዚህ የእኛ ገና በታኅሣሥ 29 ይውላል፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን በ28 ነው።

ልጁ ወደ እንግዶቹ ቤት በገባ ጊዜ፥ ጥድ ተተክሎ መብራት በርቶበት አየ። በመስኮቱም ላይ ከነጭ ወረቀት የተቈረጡ ቅርጾች ተለጥፈው ነበር። «ይህ ምንድር ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ጓደኛው፥ «የአገራችን በረዶ ነው፤ በዚህ ስለማይገኝ በወረቀት ሠራነው» አለው። ሁሉም ቆመው ሲዘምሩ፥ የቤቱ እመቤት ዓይናቸውን በመሐረብ ሲጠርጉ አየ። እናታቸው ከባሕር ማዶ ብቻቸውን ቀርተው ነበርና።

ከዚያ በኋላ እመቤቲቱ በቅቤና በእንቍላል የተጋገረ ኬክ ቈርሰው ሰጡት። ልጁ ግን ጾመ ነቢያትን ይጾም ነበር። ይህ ጾም ኅዳር 15 ቀን ገብቶ እስከ ገና ዋዜማ ይቈያል። በልቡም እንዲህ አሰበ፤ «ብበላው ጾሜን እሽራለሁ። እንቢ ብል ያዘኑትን ሴት ደግሞ አሳዝናለሁ። በኪሴ ሸሽጌ በላሁ ብል ግን ማን ያውቃል?» እጁንም ወደ ኪሱ ሰደደ። ነገር ግን በማዕዳቸው ተቀምጦ እነርሱን ማታለል አሳፈረው። «እሜቴ፥ አይቈጡኝ፤ ጾም ላይ ነኝ። የእኛ ገና ገና ነው» አለ።

እመቤቲቱም አልተቈጡም። «ልጄ፥ እውነቱን ስለ ነገርኸኝ ደስ አለኝ። ባትነግረኝ ኖሮ በየዓመቱ ሳላውቅ ይህንኑ አቀርብልህ ነበር» አሉት። ብርቱካንና ለውዝም አመጡለት። ኬኩ ዘቢብ የበዛበት፥ ብዙ ቀን ቢቀመጥ የማይበላሽ ነበርና፥ ድርሻውን በወረቀት ጠቅልለው አኖሩለት።

በታኅሣሥ 29 ቀን ደግሞ አያቱ እነዚያን እንግዶች ጠሩ። የልጁም እናት ዶሮ ወጥ ሠርታ አቀረበች። እመቤቲቱ ያን የተጠቀለለ ኬክ ይዘው መጥተው፥ «እነሆ፥ ገናህ ደረሰ» ብለው ሰጡት።

ከምሳ በኋላ ሁሉም ገና ለመጫወት ወደ ሜዳ ወጡ። ይህ ጨዋታ በሁለት ወገን ተከፍለው፥ ጫፉ በቈለመመ ዱላ ጥንግ እየመቱ የሚጫወቱት ነው። በጨዋታው ጌታና ሎሌ እኩል ናቸው፤ የተመታም አይቈጣም። የእንግዶቹ አባት ጥንጓን እመታለሁ ብለው ሲሮጡ በአቧራው ላይ ወደቁ። ከሁሉ በፊት የሳቁት ራሳቸው ነበሩ። እመቤቲቱም ዓይናቸው እንባ እስኪሞላ ድረስ ሳቁ፤ ይህ እንባ ግን የኀዘን አልነበረም።

ማታ አያቱ ልጁን እንዲህ አሉት፤ «ልጄ፥ ሁለቱ ገና በአንድ ቀን ቢውሉ ኖሮ፥ እነርሱም በቤታቸው እኛም በቤታችን በሩን ዘግተን በበላን ነበር። 13 ቀን ስለ ተራራቁ ግን፥ አንድ ጊዜ አንተ እንግዳቸው ሆንህ፥ አንድ ጊዜ እነርሱ እንግዶቻችን ሆኑ።»

ልጆች ሆይ! የሌላውን ሰው ሥርዓት አትናቁ፤ የራሳችሁንም አትሸሽጉ። ከአገሩ የራቀውን ሰው በበዓል ቀን አስቡት።

ጥያቄ።
1. በሰሜን አገሮች በታኅሣሥ ብርዱ የሚጠነክረው ስለ ምንድር ነው?
2. ልጁ ኬኩን በኪሱ ቢሸሽግ ኖሮ ምን በቀረበት ነበር?
3. ከጎረቤቶቻችሁ መካከል ከአገሩ የራቀ ሰው አለን? ለበዓል ምን ልታደርጉለት ትችላላችሁ?