የሥዕል ክፈፍና የግድግዳ ጌጥ በጥቂት ወጪ ስለ መሥራት

መግቢያ

እንግዳ ወደ ሰው ቤት በገባ ጊዜ አስቀድሞ ዓይኑ የሚያርፈው በግድግዳው ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ አልፎ እስከ ባኮ በሚዘልቀው መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት ቤቶች፣ ከመደቡ በላይ በአለላ ያጌጠ ሰፌድ ተሰቅሎ፣ ከጎኑም የአባት ወይም የአያት ፎቶግራፍ ተለጥፎ ማየት የተለመደ ነው። ሰፌዱ ብዙ ዘመን ይቆያል፤ ፎቶግራፉ ግን አይቆይም። በዱቄት ሙጫ ከጭቃው ጋራ ስለሚጣበቅ፣ ክረምት ሲመጣ የምርጉ እርጥበት በጀርባው ይገባበታል፤ የምድጃው ጢስ ፊቱን ያጠቁረዋል፤ ሙጫውን የሚሹ በረሮና አይጥ ጠርዙን ይበሉታል። ባለቤቱ ሊያነሣው በሞከረም ጊዜ ይቀደዳል። ሌላ ቅጅ የሌለው ፎቶግራፍ እንዲህ የጠፋ እንደ ሆነ፣ ልጆች የአያታቸውን መልክ ዳግመኛ የሚያዩበት መንገድ የለም።

በትምህርት ቤትም ነገሩ እንደዚሁ ነው። የፊደል ገበታው፣ የኢትዮጵያ ካርታ፣ የተማሪዎችም ሥዕል በሚስማር ብቻ ስለሚሰቀል ማዕዘኑ ተቀዶ፣ በነፋስ ተጠቅልሎ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ ማገዶነት ይወርዳል። ስለዚህ ክፈፍ፣ ይኸውም በከተማ ፍሬም የሚባለው፣ የባለጠጋ ቤት ጌጥ ብቻ ሳይሆን የዕውቀትና የመታሰቢያ መጠበቂያ መሆኑን መረዳት ያስፈልጋል። ገንዘብ የሌለው ትምህርት ቤት እንኳ በአካባቢው ከሚገኘው ዕቃ ሊሠራው ይችላል።

1. ክፈፍ በሀገር ልማድ የታወቀ ስለ መሆኑ

ክፈፍ ከውጭ ሀገር የመጣ አሳብ የሚመስላቸው አሉ። ነገር ግን የብራና መጽሐፍ ጸሐፊዎች ከብዙ መቶ ዓመት ጀምሮ የጽሑፉን ራስና ዳር ሐረግ በሚባል የተጠላለፈ ጌጥ ይከቡት ነበር። ሐረጉ ዓይንን ወደ ቃሉ ይመራል፤ የመጽሐፉንም ክፍል መጀመሪያ ያስታውቃል። ክፈፍም ለሥዕል የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው። የኦሮሞ እናቶች በሚሰፉት ሰፌድና መሶብ ዳርቻም እንዲሁ፣ አለላው የስፌቱን ዙሪያ ሲያጥር ይታያል። መምህሩ ይህን ለተማሪዎች ቢያሳያቸው፣ የሚሠሩት ነገር ከገዛ ወገናቸው ጥበብ የተወለደ መሆኑን ያውቃሉ።

ነገር ግን በዚህ ስፍራ አንድ ማስጠንቀቂያ ያሻል። ሐረግን ለማስተማር ሲባል ከብራና መጽሐፍ ቅጠል ቆርጦ መስቀል ታላቅ ጥፋት ነው። ተማሪው ሐረጉን አይቶ በወረቀት ይሣለው እንጂ፣ መጽሐፉ በሙሉነቱ ይቀመጥ።

ደግሞም በእጅ መሥራትን መናቅ አሮጌ በሽታ ነው። ሸማኔው፣ አንጥረኛውና ሸክላ ሠሪዋ በሥራቸው ይሰደቡ ስለ ነበር፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን ስለ ሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም፣ ልጁ መጋዝ ሲይዝ የሚያፍር አባት ዛሬም አይታጣም። ይህን እፍረት ከሁሉ ይልቅ የሚያስወግደው፣ መምህሩ በተማሪዎቹ ፊት እጅጌውን ሰብስቦ ሲሠራ መታየቱ ነው።

2. ለሥራው ስለሚያስፈልገው ዕቃ

እንጨት። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የገባው ባሕር ዛፍ በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ዙሪያ ሁሉ ይገኛል። ርጥቡ ባሕር ዛፍ ግን በቶሎ ይጣመማል፤ ይሰነጠቃልም። ስለዚህ ከተፈለጠ በኋላ ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ በየመካከሉ ነፋስ የሚያልፍበት ቀዳዳ ትቶ፣ በጥላ ሥር ቢያንስ ሁለት ወር ማድረቅ ይገባል። በፀሐይ ማድረቅ ሥራውን ያፋጠነ ይመስላል እንጂ እንጨቱን ያበላሻል። መጠበቅ የማይቻል ከሆነ፣ ከአናጢ ቤት የሚጣለው የጣውላና የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ደረቅ ስለ ሆነ ይበቃል።

ቀርከሃ። በጅባትና በጥቁር እንጭኒ ደጋ የሚበቅለው ቀርከሃ ቀላልና የማይጣመም ስለ ሆነ ለክፈፍ ይመቻል። ጠላቱ ነቀዝ ነው። ነቀዙ የሚፈልገው በቀርከሃው ውስጥ ያለውን ስኳርና ስታርች ስለ ሆነ፣ ለጋውን ትቶ ሦስት ዓመት ያለፈውን መቁረጥ፣ ከዚያም ጥቂት ሳምንት በውሃ ዘፍዝፎ በጥላ ማድረቅ ይጠቅማል።

ጀርባና ማያያዣ። ለጀርባው ከሱቅ የሚጣል ካርቶን ይሆናል። ለማሰሪያ ቃጫ፣ ለማጣበቂያም የግራር ሙጫ በሞቀ ውሃ ተሟሙቶ ያገለግላል። መስተዋት ውድና ለሕፃናት አደገኛ ስለ ሆነ፣ በምትኩ ጥርት ያለ ላስቲክ ማልበስ ይቻላል።

መሣሪያ። አንድ ትንሽ መጋዝ፣ ቢላዋ፣ መሮ፣ መዶሻ፣ ማስመሪያና ቀጫጭን ሚስማር ይበቃል። የብርጭቆ ወረቀት ያጣ ሰው በአሸዋ ድንጋይ ቁራጭ እንጨቱን ፈግፍጎ ሊያለሰልስ ይችላል። አምቦ ለሕንፃ በሚፈለገው የአሸዋ ድንጋይ የታወቀች ስለ ሆነች፣ ቁራጩ በቀላሉ ይገኛል።

3. ስለ አሠራሩ

ለምሳሌ ስፋቱ 20፣ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሥዕል ክፈፍ ይሠራ። የክፈፉ የውጭ ልክ 30 በ40 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ጎናቸው 3፣ ውፍረታቸው 2 ሳንቲ ሜትር የሆኑ አራት እንጨቶች ይዘጋጃሉ፤ ሁለቱ ባለ 40፣ ሁለቱ ባለ 30 ሳንቲ ሜትር ናቸው። በጠቅላላው የሚፈለገው እንጨት 140 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው።

በመጀመሪያ በእያንዳንዱ እንጨት ጫፍና ጫፍ 3 ሳንቲ ሜትር ይለካል። የተለካው ስፍራ ውፍረቱ በግማሽ፣ ማለት 1 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ በመጋዝና በመሮ ይወጣል። የረዥሞቹ እንጨቶች በፊት፣ የአጭሮቹ በጀርባ በኩል ይቆረጡ። እንዲህ ከሆነ አንዱ በሌላው ላይ ሲጋደም ልክ ለልክ ገጥሞ ማዕዘኑ ለጥ ያለ ይሆናል። የከተማ አናጢ ማዕዘኑን በሰያፍ ቆርጦ ያጋጥማል፤ ያ ግን ልዩ መሣሪያና የሠለጠነ እጅ የሚፈልግ ስለ ሆነ ለጀማሪ አይመከርም።

በሁለተኛው፣ ሙጫ ተቀብቶ አራቱ ማዕዘኖች ከተጋጠሙ በኋላ፣ ሚስማር ከመመታቱ በፊት ክፈፉ አለመዛነፉን መመርመር ግዴታ ነው። ለዚህም በ50 ሳንቲ ሜትር ላይ ምልክት ያለው ገመድ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን ይዘረጋል። ጎኖቹ 30ና 40 የሆኑ ቀጥተኛ ማዕዘን ሰያፉ 50 ስለሚሆን፣ ገመዱ በሁለቱም ሰያፍ ልክ ከመጣ ክፈፉ ቀጥ ያለ ነው። አንዱ ረዝሞ ሌላው ካጠረ፣ የረዘመውን ሰያፍ ጫፎች ወደ ውስጥ ገፋ ማድረግ ነው። ግንበኛ የቤት መሠረት ሲያወጣ የሚጠቀምበት ሥርዓት ይኸው ስለ ሆነ፣ መምህሩ የሒሳቡን ትምህርት በዚህ ሊያስረዳ ይችላል። በሰሌዳ ላይ ብቻ የተነገረው ቁጥር በቶሎ ይረሳል፤ በእጅ የተያዘው ግን አይረሳም።

በሦስተኛው፣ ካርቶኑ በ28 በ38 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ በክፈፉ ጀርባ ይመታል። የክፈፉ ቀዳዳ 24 በ34 ሳንቲ ሜትር ስለ ሆነ፣ በሥዕሉ ዙሪያ 2 ሳንቲ ሜትር ባዶ ኅዳግ ይታያል። ይህ ኅዳግ ነጭ ወረቀት ቢለብስ ሥዕሉን ያጎላዋል።

4. ፎቶግራፍ ስለ ማኖር

ፎቶግራፍን በጀርባው ሙጫ ቀብቶ መለጠፍ ፈጽሞ አይገባም። ይልቁንም ከወረቀት አራት ትንንሽ ማዕዘን ኪሶች ተሠርተው በካርቶኑ ላይ ይለጠፋሉ፤ የፎቶግራፉም አራት ጫፎች በኪሶቹ ውስጥ ይገባሉ። እንዲህ ከሆነ በሚያስፈልግ ጊዜ ሳይጎዳ ይወጣል። ላስቲክ የለበሰ እንደ ሆነ በላስቲኩና በፎቶግራፉ መካከል ጥቂት ክፍተት መተው ያሻል፤ ከተነካኩ በእርጥበት ይጣበቃሉና። የሚቻል ከሆነ በከተማ ቅጅ አስነሥቶ ቅጁን መስቀል፣ ዋናውን ደግሞ በደረቅ ሣጥን ማኖር ከሁሉ ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን በካርቶኑ ጀርባ የሚጻፈው ነው። በብዙ ቤት ፎቶግራፍ ይገኛል፤ በፎቶግራፉ ውስጥ ያሉትን የሚያውቅ ግን አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ብቻ ናቸው። እነርሱ ባለፉ ጊዜ ምስሉ ቢቀርም ስሙ ይጠፋል፤ የልጅ ልጅም የገዛ ዘመዱን እንደ እንግዳ ይመለከተዋል። ስለዚህ የማን ፎቶግራፍ እንደ ሆነ፣ የት እንደ ተነሣ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ሆነ፣ ከግራ ወደ ቀኝም እነማን እንደ ቆሙ፣ በእርሳስ በካርቶኑ ላይ ይጻፍ። ቀኑ የማይታወቅ ከሆነ ሽማግሎቹ የሚያስታውሱትን፣ ማለት ከየትኛው ሠርግ ወይም ከየትኛው ክረምት በኋላ እንደ ነበረ፣ ያንኑ መጻፍ ይበቃል። ተማሪው እየጠየቀ፣ አያቱ እየነገሩት ይህን ቢጽፍ፣ ክፈፉ ከተሠራበት እንጨት ይልቅ የተጻፈበት ቃል የከበረ ይሆናል።

5. ስለ ሌላ የግድግዳ ጌጥ

የደረቀ አበባ። በመስከረም ወር በየመስኩ የሚፈካው አደይ አበባ፣ በኦሮሞ ቋንቋ ኬሎ የሚባለው፣ ጠል ሳይኖርበት ተቀጥፎ በአሮጌ ጋዜጣ መካከል ይደረጋል፤ በላዩም ከባድ ድንጋይ ይጫናል። ጋዜጣው በየሁለት ቀኑ ከተለወጠ፣ ከ10 እስከ 15 ቀን ባለው ጊዜ ይደርቃል። ከዚያም ከቅጠሉ ጋራ በወረቀት ላይ በጥቂት ሙጫ ይያዛል፤ ከሥሩም የተቀጠፈበት ስፍራና ቀን ይጻፋል። ይህ ጌጥም የተፈጥሮ ትምህርትም ነው።

የስፌት ክፈፍ። ከአክርማና ከስንደዶ በወስፌ የሚሰፋ ክብ ክፈፍ ለትንሽ ፎቶግራፍ እጅግ ያምራል። እንደ ሰፌድ ከመካከል ከመጀመር ይልቅ፣ በክብ ካርቶን ዙሪያ ተጀምሮ ሦስት ወይም አራት ዙር ይሰፋል፤ የመጨረሻውም ዙር በአለላ ይሆናል። ይህን የሚያውቁ እናቶችን ወደ ትምህርት ቤት ጠርቶ በመምህርነት ወንበር ማስቀመጥ ክብራቸውን ይገልጣል፤ ትምህርቱም ለሴቶች ልጆች ብቻ ሳይሆን ለወንዶችም ይሁን።

ቀለም። ቀይ አፈር፣ ከሰልና ኖራ ለየብቻ ተወቅጠው፣ በነጠላ ቁራጭ ተነፍተው፣ በግራር ሙጫ ውሃ ሲለወሱ ቀይ፣ ጥቁርና ነጭ ቀለም ይሆናሉ። ኖራ እጅንና ዓይንን ስለሚያቃጥል መምህሩ ራሱ ይለውሰው። የባትሪ ድንጋይ ሰብሮ በውስጡ ያለውን ጥቁር ዱቄት ለቀለም መጠቀም በአንዳንድ ስፍራ ይታያል። ዱቄቱ ለሳንባና ለአካል ጎጂ ስለ ሆነ በልጆች እጅ ሊገባ አይገባውም፤ ከሰሉ ይበቃል።

6. ስለ አሰቃቀሉ

በጭቃ ቤት ሚስማር በምርጉ ላይ ብቻ የተመታ እንደ ሆነ ጭቃውን ይዞ ይወድቃል። ስለዚህ ግድግዳውን በጣት አንኳኩቶ ማገሩ ያለበትን ስፍራ ማግኘት፣ ሚስማሩንም በማገሩ ላይ መምታት ይገባል። በክፈፉ ታችኛ ማዕዘኖች ጀርባ ሁለት የቡሽ ወይም የእንጨት ቁራጭ ቢለጠፍ፣ ክፈፉ ከግድግዳው ጥቂት ስለሚርቅ ነፋስ ያልፍበታል፤ እርጥበትና ምስጥም በቀላሉ አይደርሱበትም። ጣራው ከሚያፈስበት፣ ቀጥተኛ ፀሐይ ከሚመታበትና ከምድጃ አጠገብ መስቀል አይገባም። በትምህርት ቤት ደግሞ ለልጆች የሚሆነው ነገር በልጆች ዓይን ልክ ይሰቀል፤ ከጣራው ሥር የተሰቀለውን ፊደል ሕፃን ሊያነብበው አይችልም።

7. በክፈፉ ውስጥ ምን ሊኖር እንደሚገባው

ስድሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ስድሳ ክፈፍ መሥራት አይቻልም፤ አያስፈልግምም። አምስት ወይም ስድስት ክፈፍ ተሠርቶ፣ በውስጡ ያለው ሥራ በየሳምንቱ ይለወጥ። መምህሩ ግን ሁልጊዜ የብልሁን ልጅ ሥራ ብቻ እየመረጠ እንዳይሰቅል ይጠንቀቅ። ደብተር በጭንቅ የሚያገኘው፣ ከኋላ ተቀምጦ የማይናገረው ልጅ፣ የገዛ እጁ ሥራ በክፈፍ ተከብሮ ባየ ጊዜ ያ ክፍል የእርሱም ቤት መሆኑን ይረዳል። ወላጆች ለስብሰባ ሲመጡ የእያንዳንዳቸው ልጅ ሥራ በተራው ታይቶ መሆን አለበት።

መደምደሚያ

አንድ ክፈፍ ጥቂት እንጨት፣ ጥቂት ካርቶንና የአንድ ቀን ድካም ብቻ ይጠይቃል። በእርሱ ግን ልኬትና ሒሳብ፣ የዕንጨት ጠባይ፣ ንጽሕና፣ የሀገር ጥበብና የቤተ ሰብ ታሪክ ባንድነት ይማሩበታል። መምህራን ሥራውን እንዲጀምሩ፣ ሽማግሎችም የሚያውቁትን ስም ሁሉ ጊዜ ሳያልፍ እንዲያስጽፉ ያሻል። እንጨት በሚመጣው ዓመትም ይገኛል፤ የሽማግሌ ትዝታ ግን ቀን አይጠብቅም።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ርጥብ ባሕር ዛፍ ለክፈፍ የማይሆነው ስለ ምንድር ነው? እንዴትስ ይደርቃል?
2. የውጭ ልኩ 60 በ80 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክፈፍ ሰያፉ ስንት ይሆናል? ስንት ሜትር እንጨትስ ይፈልጋል?
3. ፎቶግራፍን በሙጫ መለጠፍ የሚያመጣው ጉዳት ምንድር ነው?
4. እያንዳንዱ ተማሪ በቤቱ ከሚገኝ አንድ ፎቶግራፍ ላይ ያሉትን ሰዎች ስም ከሽማግሎች ጠይቆ ጽፎ ያምጣ።