ፎቶውን ገልብጠው

ይድረስ ለምወድህ ለእህቴ ልጅ።   ባለፈው እሁድ ስትደውል የድሮ የምድር ባቡር ፎቶ መሰብሰብ እንደጀመርክ፣ ከፓሪስ ሻጭም ሁለት ካርድ እንደገዛህ ነገርከኝ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ሰጋሁ። አያትህ ዕድሜውን የጨረሰበትን የጅቡቲና የአዲስ አበባ መስመር በገንዘብህ እየገዛኸው ነውና እንዳትታለል ጥቂት ልንገርህ። ያበላሸሁትንም አልደብቅህም።

1. ከመግዛትህ በፊት ብዙ እይ። ለዚህ ያለህበት ከተማ ዴንቨር ተመችቶሃል፤ ኮሎራዶ የጠባብ ሐዲድ አገር ናት። የዴንቨርና ሪዮ ግራንዴ ኩባንያ በሮኪ ተራሮች ውስጥ በዘረጋው ሐዲድ ላይ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 914 ሚሊ ሜትር ነበር። ከጅቡቲ ወደ እኛ የመጣው የድሮው ሐዲድ አንድ ሜትር ነበር። ሐዲዱ ሲጠብ ባቡሩ በገደል አፋፍ ላይ አጠር አድርጎ መታጠፍ ይችላል፤ ተራራውም ያን ያህል መቆፈር አያስፈልገውም። እነዚያን ተራሮች በማንሣት ስመ ጥር የሆነው ዊልያም ሄንሪ ጃክሰን ነው፤ ገደሉንና ባቡሩን በትልልቅ መስታወት ላይ ያነሣ ሰው። ውብ ናቸው፤ እኔ ግን እንድታጠናልኝ የምፈልገው የኦቶ ፔሪን ነው። ኦቶ ፔሪ እዚያው ዴንቨር ውስጥ ፖስታ አዳይ ነበር። ከሥራ ሲያርፍ ባቡር ሲያነሣ ኖረ፤ ስብስቡ ዛሬ በከተማችሁ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። ቦታውን፣ ቀኑንና የሎኮሞቲቩን ቁጥር እየመዘገበ ነው ያኖረው። አንድ ቅዳሜ ሄደህ እየው። ልክ እንደ እሱ ደብተር ያዝ።

2. ዓመተ ምሕረቱ የማን እንደሆነ ሳታጣራ አትክፈል። አንድ ወዳጄ ከውጭ ያስመጣው ፎቶ ጀርባው ላይ በአማርኛ “ባቡር፣ አዲስ አበባ፣ 1909” የሚል ነበረበት። ሻጩ በፈረንጅ ቆጥሮ ዋጋውን ሰቅሎታል። በፈረንጆቹ 1909 ግን አዲስ አበባ ውስጥ ባቡር አልነበረም! የጻፈው ሰው የጻፈው በራሱ ዘመን ነው፤ ባቡሩ መዲናይቱ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917፣ በእኛ 1909 ነበርና። ሻጩ አልዋሸም፤ አማርኛ የሚያነብለት ሰው ግን አልፈለገም።

ፈረንሳይኛውም ያሳስታል። “አዲስ ሐረር” የሚል ካርድ ብታገኝ የጀጎልን ግንብ አትፈልግበት። መስመሩ ሐረር ይገባል ተብሎ ነበር የታሰበው። ተራራው ወጪውን ስላናረው ከሥር፣ ሜዳው ላይ ጣቢያ ተተከለ። ባቡሩ በታኅሣሥ 1895 (እ.ኤ.አ. 1902) የደረሰበት ያ ሜዳ ድሬዳዋ ነው።

የአዲስ አበባው ለገሃር ጣቢያ ፎቶ ከሆነ ደግሞ አንበሳውን ፈልግ። የጣቢያው ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1929 ተመረቀ፤ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ከፊቱ የቆመው በ1930፣ በንጉሠ ነገሥቱ የንግሥ በዓል ዋዜማ ነው። ጣሊያን ሲገባ ሐውልቱን ሮም ወሰደው፤ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። እንግዲህ አደባባዩን ፊት ለፊት የሚያሳይ ፎቶ አግኝተህ አንበሳው ከሌለበት፣ ወይ ሐውልቱ ከመቆሙ በፊት የተነሣ ነው፣ ወይ አንበሳው ሮም እያለ። በየትኛው ጊዜ እንደሆነ መኪኖቹን አይተህ ታውቃለህ።

3. የአስመራውን መስመር ከእኛው አትደባልቅ። ከምጽዋ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1911 አስመራ የገባው ሐዲድ 118 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስፋቱም 950 ሚሊ ሜትር። ከእኛው በ5 ሴንቲ ሜትር ቢያንስ ነው፤ በፎቶ ማንም አይለየውም። ነገር ግን በተራራ ወገብ ላይ የድንጋይ ቅስት ድልድይና ዋሻ ተከታትሎ ካየህ፣ ጽሑፉም ጣልያንኛ ከሆነ፣ ወደ አስመራ ዳገት እየወጣ ነው ብለህ ጠርጥር። ሻጮች ሁሉንም “አቢሲኒያ” ይሉታል።

4. አጉሊ መነጽር ግዛ፤ ርካሽ ነው። ምስሉ ወደ ጥቃቅን ነጠብጣብ ከተበተነ የማተሚያ ቤት ሥራ ነው፤ በብዙ ቅጂ ታትሟልና ውድ አትክፈልበት። ከዚያ ገልብጠው። የፈረንሳይ ፖስት ካርድ እስከ 1903 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ ጀርባው ለአድራሻ ብቻ ነበር፤ ሰላምታው ፊት ለፊት፣ ከሥዕሉ ጠርዝ ላይ ተጨናንቆ ይጻፋል። መሐሉ ላይ መስመር ያለው ጀርባ ካየህ ከዚያ ወዲህ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ደግሞ በ1908 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ወደ ባሕር ማዶ ለሚሄድ ደብዳቤ የአገራችን ቴምብር ብቻውን ስለማይበቃ የጅቡቲም ይለጠፍበት ነበር። ሁለቱም ያሉበት ካርድ ከገጠመህ፣ ቴምብሩን ነቅሎ ለብቻው የሚሸጥ ነጋዴ እጅ ሳይገባ ውሰደው።

5. ሙጫ አታስነካው። ይህን የምልህ እያፈርኩ ነው። አባቴ ባረፈ በዓመቱ ፎቶዎቹን ሰብስቤ፣ ላከብረው ብዬ፣ ወፍራም አልበም ገዝቼ አንድ በአንድ ለጠፍኳቸው። አርባ ይሆናሉ። አባቴ ከእያንዳንዱ ጀርባ ጽፎ እንደነበር አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ልቤ ፊቱ ላይ ብቻ ነበር። ከዓመታት በኋላ እናትህ “ይሄ ጣቢያ የት ነው?” ብትለኝ ላነሣው ሞከርኩ። ወረቀቱ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ጽሑፉ ከአልበሙ ጋር ቀረ። ከአርባው የተረፈልኝ አንድ ቃል ነው፦ “ሑርሶ”። ሑርሶ ላይ ማን ከማን ጋር ቆሞ እንደነበር አባቴ ብቻ ያውቅ ነበር።

ስለዚህ አንተ በለስላሳ እርሳስ፣ ከጀርባው ጠርዝ ላይ፣ ሳትጫን ጻፍ፤ እስክሪብቶ አይሆንም። ፎቶውን በጠርዙ ያዘው። እያንዳንዱን በየራሱ ፖስታ ክተት፤ አሲድ የሌለበት የሚባለውን ወረቀት እዚያ ታገኛለህ። የድሮ ፊልም ገዝተህ አቼቶ አቼቶ ከሸተተህ መበላሸት ጀምሯልና ከሌሎቹ ለይተህ አስቀምጠው፤ ቶሎም ስካን አስደርገው። የቤተሰብ አልበም ሙሉውን ከተሸጠልህ ደግሞ ገጾቹን አትበትን። ቅደም ተከተሉ ራሱ መንገድ ነው፤ ጅቡቲ ተሳፍሮ አዋሽን ተሻግሮ ሽቅብ የወጣ ሰው እንዴት እንደመጣ ታይበታለህ።

6. ሎኮሞቲቩን ሁሉም ይሰበስባል፤ አንተ ሰዎቹን ሰብስብ። በድሮ ካርዶች ላይ የፈረንሳዩ መሐንዲስ በስሙ ይጠራል፤ ሐዲዱን የተሸከሙት “የአገሬው ሠራተኞች” ተብለው ያልፋሉ። ሻጮችም ባቡር የሌለበትን ፎቶ ርካሽ ያደርጉታል፤ የድሬዳዋ አትልዬ፣ የባቡር መጠገኛው፣ ሠራተኞች በሰልፍ የቆሙበት ፎቶ ከአንድ ፉርጎ ፎቶ ባነሰ ዋጋ ሲሸጥ አይቻለሁ። እሱን ግዛ። ጣሊያን ያመጣውን ሊቶሪና የተባለ ባለ ሞተር የመንገደኛ ባቡር የሚያሳየውን ሌላው ይጫረትበት።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር እኔ ያለኝን የአትልዬ ሠራተኞች ፎቶ ቅጂ ልኬልሃለሁ። ዋናው እኔ ዘንድ ነው። ከግራ ሦስተኛው፣ ቆቡን በእጁ የያዘው፣ አባቴ ነው። ሁለተኛውንና አምስተኛውን አላውቃቸውም። ድሬዳዋ ያሉት እትዬ ያውቋቸው ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላ ሲደወልላቸው ጨዋታ ይወዳሉ። ስልኩን የምትይዝላቸው የልጅ ልጃቸው ናት፤ ፎቶውን አስቀድመህ ላክላትና በትልቁ ታሳያቸው። የሚሉህን እዚያው እያዳመጥክ ጻፈው፤ ስሙን፣ የአባትን ስም፣ አትልዬው ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር። በእርሳስ።