የስፓንኛ «ዘንድ አንቀጽ» እና የጥናት ዕቅድ ቋንቋ፦ ለአማርኛ ተናጋሪ ተማሪዎች የቀረበ የትምህርት ቅደም ተከተል

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ ጽሑፍ ሱብኹንቲቦ የተባለውን የስፓንኛ የግሥ መልክ አፋቸውን በአማርኛ ለፈቱ ተማሪዎች በምን ቅደም ተከተል ማስተማር እንደሚሻል ይመረምራል። ሁለቱን ቋንቋዎች በማነጻጸር፣ አማርኛ በአንዳንድ ዐረፍተ ነገሮች ለተማሪው ዝግጁ መንገድ እንደሚሰጠው፣ በሌሎች፣ በተለይም የወደፊት ጊዜን በሚያመለክቱ ጥገኛ ዐረፍተ ነገሮች፣ ግን ልዩነቱን እንደሚሰውርበት ያሳያል። የጥናት ዕቅድ በባሕርዩ በእነዚህ ዐረፍተ ነገሮች የተሞላ ስለሆነ፣ ሰዋስውንና የትምህርት ቃላትን አጣምሮ ለማስተማር ተስማሚ የጽሑፍ ዓይነት ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ይደርሳል።

ቁልፍ ቃላት፦ ስፓንኛ፣ ሱብኹንቲቦ፣ ዘንድ አንቀጽ፣ የጥናት ዕቅድ፣ ንጽጽራዊ ሰዋስው

1. መግቢያ

ስፓንኛ ለአማርኛ ተናጋሪው ፈጽሞ እንግዳ ቋንቋ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆችና ወጣቶች ወደ ኩባ ተልከው፣ በተለይም ኢስላ ዴ ላ ኹቤንቱድ በተባለችው ደሴት፣ በስፓንኛ ተምረዋል። ዛሬም በአሜሪካ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች በየሥራ ቦታቸውና በየትምህርት ቤታቸው ከስፓንኛ ጋር ይገናኛሉ። ሆኖም ተማሪው ቋንቋውን የሚማረው አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ በተዘጋጁ መጻሕፍት አማካይነት ነው።

ይህ መንገድ የራሱ ጉዳት አለው። እንግሊዝኛ በዛሬ መልኩ የሱብኹንቲቦን አቻ በጥቂት አነጋገሮች ብቻ ያስቀረ ቋንቋ በመሆኑ፣ በእርሱ የተጻፉ መጻሕፍት ርእሱን እንደ ባዕድና አስቸጋሪ ነገር ያቀርቡታል። አማርኛ ተናጋሪውም በአፍ መፍቻ ቋንቋው በየቀኑ የሚያደርገውን ልዩነት እንደማያውቀው ሆኖ ከዜሮ ይጀምራል። በአንጻሩ አማርኛ በእርግጥ የሚያሳስትበት ቦታ በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ትኩረት አያገኝም፤ የተጻፉት ለሌላ ተማሪ ነውና። የኢንስቲቱቶ ሴርባንቴስ የ2006 (እ.ኤ.አ.) ሥርዓተ ትምህርት ሱብኹንቲቦን ከቢ1 ደረጃ ጀምሮ ያስገባዋል። ተማሪው እዚህ ደረጃ ሲደርስ ለትምህርት ዕድል ማመልከት፣ ለአማካሪው የሥራ ዕቅድ ማቅረብና ቀነ ገደብ መቀበል ሊጀምር ይችላል። ስሕተቱም የነጥብ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ያቆማል።

ጽሑፉ ንጽጽራዊ ትንታኔ እንጂ የክፍል ሙከራ ውጤት አይደለም። የስፓንኛ ምሳሌዎች በፊደል የተጻፉት በላቲን አሜሪካ አነባበብ ነው።

2. ስሙና መልኩ

ሱብኹንቲቦን በአማርኛ ለመሰየም አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም። የግእዝ ሰዋስው መምህራን «ይቀትል» እና «ይቅትል» የሚሉትን መልኮች ለይተው ሲያስተምሩ፣ ሁለተኛውን «ዘንድ አንቀጽ» ይሉታል፤ «ይገድል ዘንድ» ተብሎ ይተረጎማልና። ድርጊቱ ተፈጸመ ወይም ይፈጸማል ብሎ አያረጋግጥም፤ የሚፈለግ፣ የሚታዘዝ ወይም የሚታሰብ መሆኑን ብቻ ያሳያል። የስፓንኛውም ሱብኹንቲቦ ዋና ተግባር ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ድርጊቱን በገሃድ የሚናገረው መልክ ኢንዲካቲቦ ሲባል፣ ሱብኹንቲቦ ግን ድርጊቱን ከማረጋገጥ ይቆጠባል።

የመልኩ አሠራር በፊደል ሲጻፍ ግልጽ ሆኖ ይታያል። መነሻቸው በ«አር» የሚያልቅ ግሦች በኢንዲካቲቦ ሦስተኛ መደብ በራብዕ ያበቃሉ፤ ወደ ሱብኹንቲቦ ሲዛወሩ ራብዑ ኃምስ ይሆናል፦ «ሬፓሳ» (ይከልሳል) «ሬፓሴ» ይሆናል። በ«ኤር» እና በ«ኢር» የሚያልቁት ደግሞ በተቃራኒው ከኃምስ ወደ ራብዕ ይሄዳሉ፦ «አፕሬንዴ» (ይማራል) «አፕሬንዳ»፣ «ኤስክሪቤ» (ይጽፋል) «ኤስክሪባ» ይሆናሉ። ስለዚህ ደንቡ የሁለት ፊደል ቤቶች ልውውጥ ነው። የአንደኛ መደብ ግንዳቸው የሚለወጥ ግሦች ለውጡን ይዘው ይሄዳሉ፦ «ቴንጎ» (አለኝ) «ቴንጋ»፣ «አጎ» (አደርጋለሁ) «አጋ»። ከዚህ ውጪ በቃል የሚያዙት ስድስት ብቻ ናቸው፦ ሴር፣ ኤስታር፣ ኢር፣ አቤር፣ ሳቤር እና ዳር፤ መልካቸውም በቅደም ተከተል ሴአ፣ ኤስቴ፣ ባያ፣ አያ፣ ሴፓ እና ዴ ነው።

3. አማርኛ የሚያግዝባቸው ቦታዎች

የመጀመሪያው «እንደሚ-» እና «እንዲ-» የተባሉት ቅጥያዎች የሚያደርጉት ልዩነት ነው። «እንደሚጽፍ ነገረኝ» ያለ ሰው ዜና ሰምቷል፤ «እንድጽፍ ነገረኝ» ያለ ግን ትእዛዝ ተቀብሏል። ስፓንኛም ይህንኑ ልዩነት በግሡ መጨረሻ ያሳያል፦ «ሜ ዲሴ ኬ ኤስክሪቤ» (እንደሚጽፍ ይነግረኛል)፣ «ሜ ዲሴ ኬ ኤስክሪባ» (እንድጽፍ ይነግረኛል)። አማርኛ ተናጋሪው በዚህ ቦታ የሚማረው አዲስ አስተሳሰብ ሳይሆን አዲስ መጨረሻ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የባለቤት ልዩነት ነው። «ማጥናት እፈልጋለሁ» እና «እንዲያጠና እፈልጋለሁ» በስፓንኛ «ኪዬሮ ኤስቱዲያር» እና «ኪዬሮ ኬ ኤስቱዲዬ» ናቸው። ፈላጊውና አድራጊው አንድ ሲሆኑ ንዑስ አንቀጽ፣ ሲለያዩ ዘንድ አንቀጽ ይገባል። ዓላማን በሚገልጹ ዐረፍተ ነገሮችም እንዲሁ ነው፦ «ፓራ አፕሮባር» (ለማለፍ)፣ «ፓራ ኬ አፕሩዌቤ» (እንዲያልፍ)። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አማርኛ ባለቤቱ አንድ ሲሆንም «ፈተናውን እንዳልፍ አጠናለሁ» ለማለት ይፈቅዳል፤ ስፓንኛ ግን በዚህ ጊዜ «ፓራ አፕሮባር» የሚለውን ይመርጣል።

ሦስተኛው የሁኔታ ዐረፍተ ነገር ነው። «ጊዜ ካገኘሁ ማስታወሻዬን እከልሳለሁ» እና «ጊዜ ቢኖረኝ ይበልጥ አጠና ነበር» የተባሉት ሁለት ዐረፍተ ነገሮች በስፓንኛ «ሲ ቴንጎ ቲዬምፖ፣ ሬፓሶ ሚስ አፑንቴስ» እና «ሲ ቱቢዬራ ቲዬምፖ፣ ኤስቱዲያሪያ ማስ» ናቸው። «ከ-» ሊሆን የሚችለውን፣ «ብ-» ከ«ነበር» ጋር በሐሳብ ብቻ ያለውን እንደሚለዩ ሁሉ፣ ስፓንኛም በመጀመሪያው ኢንዲካቲቦን፣ በሁለተኛው የኀላፊ ሱብኹንቲቦን ይጠቀማል። «ሲ» ከአሁን ጊዜ ሱብኹንቲቦ ጋር በዚህ ዓይነት ዐረፍተ ነገር አይገናኝም፤ ስለዚህ «ሲ ቴንጋ ቲዬምፖ» ስሕተት ነው።

4. አማርኛ የሚያሳስትባቸው ቦታዎች

«ምዕራፉን ስጨርስ አርፋለሁ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሁለት ትርጉም አለው። አንድም የተናጋሪውን ልማድ፣ አንድም ገና የሚፈጽመውን ነገር ይናገራል። አማርኛ ልዩነቱን ለዐውዱ ይተወዋል። ስፓንኛ ግን ሁለት ዐረፍተ ነገር ይጠይቃል፦

ልማድ፦ «ኳንዶ ቴርሚኖ ኤል ካፒቱሎ፣ ዴስካንሶ።»
ዕቅድ፦ «ኳንዶ ቴርሚኔ ኤል ካፒቱሎ፣ ዴስካንሳሬ።»

ድርጊቱ ገና ያልተፈጸመ ከሆነ፣ ጊዜን ከሚያመለክተው ቃል በኋላ ሱብኹንቲቦ ግዴታ ነው። «እስክ-» እና «እስኪ-» በሚሉትም ይኸው ችግር አለ። «ቤተ መጻሕፍቱ እስኪዘጋ አጠናለሁ» ልማድ ሲሆን «አስታ ኬ ሲዬራን»፣ ዕቅድ ሲሆን «አስታ ኬ ሲዬሬን» ይባላል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን በ«ከ...በኋላ» የሚመጣው ስሕተት ነው። አማርኛ ለወደፊትም ቢሆን ኀላፊ መልክን ይጠቀማል፦ «ምዕራፉን ከጨረስኩ በኋላ እልክልዎታለሁ»። ተማሪው «ጨረስኩ» የሚለውን ይዞ የስፓንኛውን ኀላፊ ሊፈልግ ይችላል። የስፓንኛው ኀላፊ አንደኛ መደብና ሱብኹንቲቦው ደግሞ በፊደል ሲጻፉ አንድ ናቸው፦ ሁለቱም «ቴርሚኔ»። የሚለዩት በድምፅ ጫና ነው። ጫናው «ሚ» ላይ ሲያርፍ ገና ያልተፈጸመውን፣ «ኔ» ላይ ሲያርፍ ያለቀውን ይናገራል፤ በላቲን ጽሑፍም ኀላፊው በመጨረሻው አናባቢ ላይ ምልክት አለው። በአማርኛ የድምፅ ጫና የቃልን ትርጉም ስለማይለይ፣ የተማሪው ጆሮ ይህን ልዩነት ለመስማት ልዩ ልምምድ ይሻል። ምልክቱን በተሳሳተ ቦታ ያኖረ ተማሪ ለአማካሪው «እጨርሳለሁ» ብሎ ቃል ሲገባ፣ «ጨርሻለሁ» ብሎ የጻፈ ሊመስል ይችላል።

«ሳይ-» ሌላ ወጥመድ አለው። «ቀነ ገደቡ ሳያልፍ» በአማርኛ አሉታ ነው፤ በስፓንኛ ግን «አንቴስ ዴ ኬ ፓሴ ኤል ፕላሶ» ይባላል፤ «ኖ» የሚለው አሉታ አይገባበትም። ከ«አንቴስ ዴ ኬ» በኋላ ልማድም ይሁን ዕቅድ ምንጊዜም ሱብኹንቲቦ ይከተላል።

አማርኛ ልዩነት የማያሳይባቸው ሁለት ተጨማሪ ቦታዎች በአጭሩ ይጠቀሳሉ። «እንደሚያልፍ አምናለሁ» እና «እንደሚያልፍ አላምንም» በአማርኛ ጥገኛውን ግሥ አይለውጡም፤ በስፓንኛ ግን «ክሬኦ ኬ አፕሩዌባ» ሲሉ ኢንዲካቲቦ፣ «ኖ ክሬኦ ኬ አፕሩዌቤ» ሲሉ ሱብኹንቲቦ ይሆናል። እንዲሁም «የሚያብራራ መጽሐፍ እፈልጋለሁ» ያለ ሰው የሚያውቀውን አንድ መጽሐፍ ከሆነ የሚፈልገው «ኬ ኤክስፕሊካ»፣ መኖሩን ያላረጋገጠውን ከሆነ «ኬ ኤክስፕሊኬ» ይላል።

5. የጥናት ዕቅድ ቃላት

መሠረታዊዎቹ ቃላት ጥቂት ናቸው፦ ኦራሪዮ (የጊዜ ሰሌዳ)፣ ሜታ (ግብ)፣ ፕላሶ (ቀነ ገደብ)፣ አሲግናቱራ (የትምህርት ዓይነት)፣ ታሬአ (የቤት ሥራ)፣ ሬፓሳር (መከለስ)፣ ኤንትሬጋር (ማስረከብ)፣ አፕሮባር (ፈተና ማለፍ)። «ፕላን ዴ ኤስቱዲዮስ» በብዙ ቁጥር ሲነገር የተቋም ሥርዓተ ትምህርት ማለት ስለሆነ ከግል ዕቅድ ጋር መቀላቀል የለበትም።

ይበልጥ ትኩረት የሚሹት ግን በግቢ አማርኛ የተለመዱ የእንግሊዝኛ ውሶች የሚያሳስቱባቸው ቃላት ናቸው። «ሌክቸር» የለመደ ተማሪ «ሌክቱራ» ሲሰማ የመምህር ገለጻ ይመስለዋል፤ ቃሉ ግን ንባብ ማለት ነው። «ሊብሬሪያ» መጻሕፍት መሸጫ እንጂ ላይብረሪ አይደለም፤ ላይብረሪው «ቢብሊዮቴካ» ነው። «ኮሌኺዮ» በብዙ አገር ከዩኒቨርሲቲ በፊት ያለ ትምህርት ቤት እንጂ ኮሌጅ አይደለም። «ኖታስ» በትምህርት ቤት አነጋገር በአብዛኛው የፈተና ውጤት ነው፤ ኖት መያዝ ለማለት «ቶማር አፑንቴስ» ይባላል። «አሲስቲር» መርዳት ሳይሆን በክፍል መገኘት ነው። «ሱስፔንዴር» ደግሞ በስፔን ተማሪዎች አነጋገር ፈተና መውደቅ ነው።

6. የቀረበው ቅደም ተከተል

ብዙ መማሪያዎች ከምኞትና ከስሜት ግሦች ተነሥተው ረጅም ጊዜ ይቆዩባቸዋል። ለአማርኛ ተናጋሪው ግን ይህ ክፍል ቀላሉ ነው። ስለዚህ የሚከተለው አካሄድ ቀርቧል።

አንደኛ፣ የራብዕና የኃምስ ልውውጥ ከ«እንደሚ-» እና «እንዲ-» ጋር በአንድ ትምህርት ይቅረብ። «ኦኻላ» የሚለው የምኞት ቃልም እዚህ ይግባ፤ ከዐረብኛ የመጣ፣ የእግዚአብሔርን ፈቃድ የሚጠራ አነጋገር በመሆኑ «ኢንሻላህ» ለሚያውቅ ተማሪ ቅርብ ነው።

ሁለተኛ፣ ንዑስ አንቀጽና ሱብኹንቲቦ የሚለዩባቸው የፍላጎትና የዓላማ ዐረፍተ ነገሮች በአጭሩ ይታዩ።

ሦስተኛ፣ ከተመደበው ጊዜ ትልቁ ድርሻ ለጊዜ ዐረፍተ ነገሮች ይሰጥ። ተማሪው ከመተርጎሙ በፊት የአማርኛውን ዐረፍተ ነገር «ዘወትር ነው ወይስ ገና?» ብሎ ይጠይቅ፤ እንደ መልሱም «ሁልጊዜ» ወይም «ነገ» የሚል ቃል ይጨምርበት። አማርኛው የሰወረው ልዩነት በዚህ መንገድ ስፓንኛው ከመጀመሩ በፊት ይገለጣል።

አራተኛ፣ ተማሪው የአንድ ሳምንት እውነተኛ የጥናት ዕቅድ ይጻፍ። ለምሳሌ፦ «ኤን ኳንቶ ሬሲባ ኤል ፕሮግራማ፣ አሬ ኤል ኦራሪዮ። ኳንዶ ቴርሚኔ ኤል ፕሪሜር ካፒቱሎ፣ ዴስካንሳሬ። ኖ ኤምፔሳሬ ኤል ሴጉንዶ አስታ ኬ ኤል ፕሮፌሶር ኮሪኻ ኤል ፕሪሜሮ።» ይህም፦ ፕሮግራሙ እንደደረሰኝ የጊዜ ሰሌዳዬን አወጣለሁ፤ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ስጨርስ አርፋለሁ፤ መምህሩ የመጀመሪያውን እስኪያርሙልኝ ሁለተኛውን አልጀምርም ማለት ነው።

አምስተኛ፣ ሳምንቱ ሲያልቅ ያንኑ ዕቅድ ወደ ዘገባ ይለውጠው። «ኳንዶ ቴርሚኔ፣ ዴስካንሳሬ» የነበረው ጫናው ተዛውሮ «ኳንዶ ቴርሚኔ፣ ዴስካንሴ» ይሆናል፤ በሁለቱም የዘገባ ግሦች ጫናው የመጨረሻው ፊደል ላይ ነው። ያልተፈጸመው ግን በዕቅድነቱ፣ በሱብኹንቲቦ መልኩ፣ ይቆያል። ተማሪው የግሡን መልክ ሲመርጥ የሠራውንና ያልሠራውን ለይቶ መናገሩ ነው።

7. ማጠቃለያ

ለአማርኛ ተናጋሪ ሱብኹንቲቦ በአጠቃላይ ከባድ ወይም በአጠቃላይ ቀላል አይደለም። በንግግርና በትእዛዝ፣ በዓላማና በሁኔታ ዐረፍተ ነገሮች አማርኛ ራሱ መምህር ይሆናል፤ በጊዜ ዐረፍተ ነገሮች ግን «ስጨርስ» እና «ከጨረስኩ በኋላ» ልማድንና ዕቅድን፣ ያለፈንና የሚመጣን በአንድ ልብስ ያለብሳሉ። ስለዚህ መምህራንና የመጻሕፍት አዘጋጆች በመጀመሪያው ላይ የሚያባክኑትን ጊዜ ወደ ሁለተኛው ቢያዛውሩ፣ ማለማመጃውንም ተማሪው በእውነት ከሚያስፈልገው የጥናት ዕቅድ ቢወስዱ፣ ሰዋስውና ቃላት በአንድነት ይያዛሉ።