ሰማይና ተፋሰስ፦ የሐዋሳ ሐይቅ ከፍታ ለአየር ንብረት ለውጥ ምስክር የሚሆነው እስከ ምን ድረስ ነው?

በሐዋሳ ከፍቅር ሐይቅ ወደ አሞራ ገደል በሐይቁ ዳር የሚንሸራሸር ሰው፣ ከእግሩ በታች ያለው የአፈር ግድብ ለመዝናኛ ሳይሆን ጎርፍን ለመከላከል የተሠራ መሆኑን ብዙ ጊዜ አያስተውልም። ግድቡ የተሠራው ሐይቁ ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል እየሞላ መጥቶ በ1998 ከፍተኛ ደረጃ ላይ በደረሰበትና ዝቅተኛ የሆኑትን የከተማዋን ክፍሎች ማስጋት በጀመረበት ዘመን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ ተመሳሳይ ነገር ቢከሰት መልሱ ከጥያቄው ይቀድማል፤ «የአየር ንብረት ለውጥ ያመጣው ነው» ይባላል። አባባሉ ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም፤ ይሁን እንጂ በሐዋሳ ሁኔታ ጎዶሎ ነው። ጎዶሎነቱም የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። መንስኤው ሙሉ በሙሉ ከሰማይ የመጣ ከሆነ ለከተማዋ የሚቀራት ሥራ ግድቡን ከፍ ማድረግ ነው። ከመንስኤው ከፊሉ በተፋሰሱ ውስጥ የሚገኝ ከሆነ ግን ሥራው የሚጀምረው ከግድቡ በብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በወንዶ ገነት ተዳፋቶችና በጨለለቃ ረግረግ ላይ ነው።

የመንስኤ ልየታ ጥናት የሚጠይቀው ጥያቄ

ጽንፈኛ የአየር ሁኔታን ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር በቁጥር የሚያያይዘው የጥናት ዘርፍ ዕድሜው አጭር ነው። በጥር 2003 የቴምስ ወንዝ በኦክስፎርድ አካባቢ ሞልቶ ሲፈስ፣ የዚያው ከተማ ነዋሪ የሆነው የፊዚክስ ተመራማሪ ማይልስ አለን «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ጥያቄውም ለአንድ የተወሰነ ጉዳት የሙቀት አማቂ ጋዞችን ልቀት ተጠያቂ ማድረግ ይቻል እንደሆነ የሚመረምር ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ፒተር ስቶት ከአለንና ከሌላ ባልደረባ ጋር በመሆን የ2003ቱን የአውሮፓ ከባድ ሙቀት መረመረ። የሰው ልጅ ተጽዕኖ የእንዲህ ያለውን ሙቀት የመከሰት ዕድል ከእጥፍ በላይ ሳያሳድገው እንዳልቀረም አሳየ።

የዘዴው ፍሬ ነገር ጥያቄውን መለወጡ ነው። «ይህን ጎርፍ ያመጣው የአየር ንብረት ለውጥ ነውን?» ተብሎ አይጠየቅም፤ «የአየር ንብረት ለውጥ የእንዲህ ያለውን ጎርፍ ዕድል ወይም ብርታት በስንት ለውጦታል?» ተብሎ ይጠየቃል። ለዚህም ሁለት ዓለማት ይነጻጸራሉ፤ አንደኛው አሁን ያለንበት፣ ሁለተኛው ደግሞ ጋዞቹ ሳይለቀቁ ቢቀሩ ኖሮ ይኖር የነበረውና በሞዴል ብቻ የሚታየው ነው። በይነ መንግሥታዊው የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2011 እስከ 2020 የነበረው የምድር ገጽ አማካይ ሙቀት ከ1850–1900ው ዘመን በ1.1 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ከፍ ያለ መሆኑን ገልጿል። አየር በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ የመያዝ ዐቅሙ በ7 በመቶ ገደማ የሚጨምር የውሃ ተን ስላለ፣ ከባድ ዝናብ ይበልጥ ሊከብድ፣ ደረቅ ወቅትም አፈሩን ይበልጥ ሊያደርቅ ይችላል።

ዘዴው በኢትዮጵያ ላይ ሲሠራበት የሰጠው መልስ ግን አንድ ወጥ አይደለም። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ለምግብ እርዳታ የዳረገውን የ2015 ድርቅ የመረመረው በ«ጆርናል ኦቭ ክላይሜት» በ2018 የወጣ ጥናት፣ በሰሜንና በማዕከላዊ የአገሪቱ ክፍል የታየው የዝናብ እጥረት በመቶዎች በሚቆጠሩ ዓመታት አንድ ጊዜ የሚያጋጥም ዓይነት ብርቅ ክስተት መሆኑን ገምቷል። የድግግሞሽ ዘመኑ 260 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ የግምቱ ዝቅተኛ ወሰን ደግሞ 60 ዓመት ነው። ኤል ኒኞ ድርቁን እንዳባባሰው ቢረጋገጥም፣ በዝናቡ መጠን ላይ የአየር ንብረት ለውጥ አሻራ የሆነ አዝማሚያ ሊገኝ አልቻለም። በአንጻሩ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ደቡብ ኢትዮጵያን፣ ሶማሊያንና ሰሜን ኬንያን የመታው ድርቅ በ«ወርልድ ዌዘር አትሪቢዩሽን» ቡድን በ2023 ሲመረመር፣ የአየር ንብረት ለውጥ የመከሰት ዕድሉን ቢያንስ በ100 እጥፍ እንዳሳደገው ተገምቷል። በዚያው ዓመት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በምሥራቅ አፍሪካ የጣለው ጎርፍ አስከታይ ዝናብም በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት እስከ ሁለት እጥፍ ሳይበረታ እንዳልቀረ ያው ቡድን አሳውቋል፤ የሕንድ ውቅያኖስ ዳይፖልም ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ድርሻ ነበረው።

እነዚህን ውጤቶች እንደ ተቃርኖ መመልከት ስሕተት ይሆናል። የ2015ቱ ጥናት የመዘነው የዝናብን እጥረት ሲሆን፣ የ2023ቱ የድርቅ ጥናት ግን የዝናብ እጥረትና በሙቀት የጨመረው ትነት ተደምረው አፈሩን ምን ያህል እንዳደረቁት ነው። የ100 እጥፉ ግምት በዋናነት የመጣውም ከዚህ ከትነቱ በኩል ነው። ስለዚህ መልሱን የሚወስነው የተለካው ነገር ነው። «አሻራው አልተገኘም» የሚለው የ2015ቱ ውጤት ከሌሎቹ ያነሰ ግኝት ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ ዘዴው «የለም» ለማለትም የሚችል መሆኑን ስላሳየ፣ «አዎን» ሲል እንዲታመን ያደረገው እሱ ነው።

ሐይቅ ሲለካ ግን ምን ይለካል?

የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር መውጫ የሌለው ዝግ ሐይቅ ነው። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከፍተኛ ጥልቀቱ 22 ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ ጥቁር ውሃ ብቻ ነው። መውጫ ሳይኖረው ውሃው ያልመረረው በከርሰ ምድር በኩል ስለሚሰርግ ነው። የቀረውን ሒሳብ ትነት ይዘጋዋል።

ይህ ሒሳብ በቀላል ስሌት ሲፈተሽ የመሬቱ ጉልበት ይታያል። ሐይቁን ጨምሮ የተፋሰሱ ስፋት 1,400 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የየብሱ ክፍል 1,300 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሐይቁ ገጽ ላይ በዓመት 10 ሚሊ ሜትር ተጨማሪ ዝናብ ቢወርድ ሐይቁን ከፍ የሚያደርገው በዚያችው በ1 ሴንቲ ሜትር ነው። ነገር ግን በየብሱ ላይ ከሚወርደው ዝናብ ቀድሞ ይሰርግ ወይም ይተን የነበረው 10 ሚሊ ሜትር ወደ ፍሰት ቢለወጥና ሐይቁ ቢደርስ፣ 13 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል፤ ይህም ሐይቁን በ14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ያደርገዋል። እርግጥ ስሌቱ የላይኛውን ወሰን የሚያሳይ ነው። የምዕራቡ የተፋሰስ ክፍል ቋሚ ወንዝ የለውም፤ ሐይቁ ከፍ ሲል ደግሞ ስርገቱም ይጨምራል። ያም ሆኖ የመጠኑ ልዩነት ግልጽ ነው፦ ዝናቡ ቅንጣት ሳይለወጥ፣ መሬቱ ውሃን የሚይዝበት ሁኔታ በጥቂቱ ቢለወጥ ብቻ የሐይቁ ከፍታ ሊለወጥ ይችላል።

መሬቱም ተለውጧል። በደቡብ ማዕከላዊ ስምጥ ሸለቆ የደን ሽፋንን በሳተላይት ምስል የተከታተለ በ2007 የወጣ ጥናት፣ በ1972 ከተጠናው አካባቢ 16 በመቶውን ይሸፍን የነበረው የተፈጥሮ ደን በ2000 ወደ 2.8 በመቶ መውረዱን አሳይቷል። ከምሥራቁ ከፍታዎች የሚወርዱት ጅረቶች ወደ ጥቁር ውሃ ከመግባታቸው በፊት የሚያርፉበት ጨለለቃም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ገላጣ ውሃ የነበረው ሐይቅ ነው፤ ከጊዜ በኋላ ግን በደለል ተሞልቶ ረግረግ ሆኗል። ጨለለቃ ለሐዋሳ ሐይቅ እንደ በረኛ ነበር፤ ጎርፉን ያዘገያል፣ ደለሉን ያስቀራል፣ ከፊሉን ውሃም በራሱ ገጽ ላይ ያተናል። በረኛው ሲዳከም ያው ዝናብ ፈጥኖና በዝቶ ወደ ሐይቁ ይደርሳል።

ታዲያ ሰማዩ ድርሻ የለውም ማለት ነውን? አለው። የ1998ቱ ከፍታ የተከተለው የ1997ቱን ብርቱ ኤል ኒኞና ከእርሱ ጋር የተገጣጠመውን የሕንድ ውቅያኖስ ሙቀት መዛባት ነው። ኤል ኒኞ በሰሜንና በማዕከላዊ ኢትዮጵያ የክረምቱን ዝናብ ሲቀንስ፣ በደቡቡ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለውን ዝናብ የማብዛት ዝንባሌ አለው፤ ሐዋሳም የምትገኘው በሁለቱ መካከል ነው። ይሁንና ኤል ኒኞ ከአየር ንብረት ለውጥ በፊትም የነበረ የተፈጥሮ ውጣ ውረድ ነው። ስለዚህ የአንድ ዓመት ከፍታ ለረጅም ጊዜ ለውጥ ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። ሙቀት ብቻውን ሲታይ ደግሞ ትነትን ስለሚጨምር ሐይቁን ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይገፋውም።

የጎረቤት ሐይቆች ታሪክም ይህንኑ ያጠናክራል። በዚያው ስምጥ ሸለቆ የሚገኘው አብያታ እጅግ ሸሽቷል፤ ከዝዋይ በቡልቡላ በኩል ይደርሰው የነበረው ውሃ በላይኛው ተፋሰስ ለመስኖ እየዋለ ቀንሷል፤ ከራሱም ለሶዳ አሽ ምርት ውሃ ይሳብ ነበር። በመተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ ግን በተቃራኒው ብዙ እጥፍ ሰፍቶ መንገድና የባቡር ሐዲድ አስግቷል፤ ለዚህም በአካባቢው ያለው ሰፊ መስኖ ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። አንዱ ሲሸሽ ሌላው ሲሞላ፣ ለሁሉም አንድ ምክንያት መስጠት አያስኬድም። የተፋሰስ ጥናት ያልታከለበት የሐይቅ ከፍታ የአየር ንብረት ለውጥ መለኪያ ተደርጎ መወሰድ የሌለበት ለዚህ ነው።

ለሐዋሳ የሚሆን የመንስኤ ልየታ ጥናት እንግዲህ ሁለት ዓለማትን ማነጻጸር አይበቃውም፤ አራት ያስፈልጉታል። የዛሬው ሰማይ ከዛሬው መሬት ጋር፣ የዛሬው ሰማይ ከ1972ቱ መሬት ጋር፣ ያልሞቀው ሰማይ ከዛሬው መሬት ጋር፣ ያልሞቀው ሰማይ ከ1972ቱ መሬት ጋር በአንድ የውሃ ሚዛን ሞዴል ውስጥ ሊመዘኑ ይገባል። በአራቱ መካከል የሚታየው ልዩነት የየአንዳንዱን ድርሻ፣ እንዲሁም ሁለቱ ተባብረው ብቻ የሚያመጡትን ያሳያል። ይህ የመጨረሻው ድርሻ ከሁሉም ሊበልጥ ይችላል፤ የበረታ ዝናብ በተራቆተ ተዳፋት ላይ ሲወርድ የሚሆነው እርሱ ነውና።

ግድቡን በተመለከተ ጉዳዩ ተግባራዊ ነው። እንዲህ ያለ ግድብ ቁመቱ የሚወሰነው ባለፈው መዝገብ ነው፤ «በ50 ዓመት አንድ ጊዜ የሚደርስ ከፍታ» የሚለው ስሌት ሰማዩም ተፋሰሱም እንደነበሩ ይቀጥላሉ ብሎ ያስባል። በሐዋሳ ሁለቱም እንደነበሩ አልቀጠሉም። መዝገቡን በ1998 በፊትና በኋላ ከፍሎ እንደገና ማስላት፣ ከጨለለቃ በላይ ባሉት ጅረቶችና በታች ባለው ጥቁር ውሃ ላይ በአንድ ጎርፍ ወቅት የሚታየውን ፍሰትና ደለል ጎን ለጎን መለካት፣ ለአንድ የማስተርስ ጥናት የማይከብድ ሥራ ነው፤ የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅም ከእነዚህ ጅረቶች መነሻ ብዙ አይርቅም።