የሻጋታ ምግብና የጂን ለውጥ

ዳቦ ተረስቶ ሲሻግት ሁላችንም የምናዝነው ለዳቦው ነው እንጂ ሻጋታውን ልብ ብለን አናየውም። ይሁን እንጂ የሣይንስ ሊቃውንት ስለ ዘር ውርስ ትልቅ ምስጢር ያገኙት ኒውሮስፖራ ከሚባል በዳቦ ላይ ከሚበቅል ብርቱካንማ ሻጋታ ነው።

ኒውሮስፖራ በጥቂት ነገር የሚኖር ፍጥረት ነው። ስኳር፥ ልዩ ልዩ ጨውና ባዮቲን የተባለው ቫይታሚን ብቻ ከተሰጠው የቀረውን ቫይታሚንና አሚኖ አሲድ ሁሉ ራሱ ይሠራል። ጆርጅ ቢድልና ኤድዋርድ ቴተም የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ፥ የሻጋታው ጂን ቢለወጥ ይህ ችሎታው ምን እንደሚሆን ለማወቅ ፈለጉ። ስለዚህ ሻጋታውን በራጅ ጨረር መትተው ከጤነኛ ሻጋታ ጋር አዳቀሉት። የተገኙትንም ስፖሮች አንድ በአንድ ለይተው በመጀመሪያ በተሟላ ምግብ ላይ አበቀሉ፤ ቀጥሎም ከእያንዳንዱ ጥቂት ወስደው ከላይ ወደ ተናገርነው ጥቂት ምግብ አዛወሩ። ብዙዎቹ እንደ ወትሮው አደጉ። 299ኛው ግን ማደግ አቃተው፤ ቫይታሚን ቢ6 ሲጨመርለት አደገ። እንደገና ከጤነኛው ጋር ቢያዳቅሉት ጉድለቱ በአንድ ጂን የሚወረስ ሆኖ ተገኘ። ሥራቸውን እ.ኤ.አ. በ1941 አሳተሙ፤ በ1958ም ከጆሹዋ ሌደርበርግ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ለመረዳት አርጂኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ እንመልከት። ሻጋታው በመጀመሪያ ኦርኒቲን፥ ከዚያ ሲትሩሊን፥ በመጨረሻም አርጂኒን ይሠራል። እያንዳንዱን እርምጃ የሚያከናውን ኤንዛይም አለ፤ ኤንዛይሙም የሚሠራው በጂን ትእዛዝ ነው። ይህም ጥጥ ፈትል ሆኖ፥ ፈትሉም ሸማ እንደሚሆነው ያለ ነው። ፈታይዋ ብትታመም ጥጥ መከመር አይረዳም፤ ፈትል ከገበያ ቢገዛ ግን ሸማኔው ሥራውን ይቀጥላል። ሸማኔው ራሱ ቢታመም ደግሞ ሸማውን ከመግዛት በቀር ሌላ መንገድ የለም። እንዲሁም ሲትሩሊን መሥራት ያቃተው ሻጋታ ኦርኒቲን አይጠቅመውም፤ ሲትሩሊን ሲሰጠው ግን ያድጋል። ከሲትሩሊን በኋላ ያለው እርምጃ የተበላሸበት አርጂኒን ካላገኘ አያድግም። ስለዚህ ሻጋታው የሚፈልገውን ምግብ በማየት የትኛው እርምጃ እንደ ተቋረጠ ይታወቃል።

ይህ ጉዳይ የሻጋታ ብቻ አይደለም። ፍየልና ውሻ ቫይታሚን ሲን በሰውነታቸው ውስጥ ይሠራሉ። በሰው ዘንድ ግን የመጨረሻውን እርምጃ የሚያዝዘው ጂን ከብዙ ዘመን በፊት ስለ ተበላሸ፥ ቫይታሚኑን ከምግብ ካላገኘን ድዳችን ይደማል፥ ቁስላችንም ቶሎ አይድንም። እንግዲህ ወላጆቻችን ብርቱካንና ቃሪያ ብሉ ሲሉን፥ እኛም እንደ 299ኛው ሻጋታ የጎደለንን ከውጭ የምንፈልግ መሆናችንን እናስታውስ።